ጎሸም ማድረግ ሌላ፣ መግፋት ሌላ



በቅርቡ የሌሊት ተረኛ ሆኜ አድሬ ጠዋት ከሜክሲኮ የጀሞ ታክሲ ያዝኩ። ለረዳቱ ሂሳብ ስሰጥ «ሳር ቤት» ማለቴን አስታውሳለሁ፤ ከዚያ በኋላ የሆነውን አላውቅም። እንቅልፍ ጭልጥ አድርጎ ወስዶኛል። በኋላ አጠገቤ የተቀመጡ አንዲት እናት በክርናቸው ጎሸም አደረጉኝ።

«ልጄ፣ ሳር ቤት አላልክም እንዴ?»

«ወራጅ አለ!» ብዬ ዘልዬ ወረድኩ።

እኚህ እናት እጄን ይዘው አልጎተቱኝም። «ማታ ለምን አትተኛም?» ብለው አልተቆጡኝም። ረዳቱንም «አውርደው» አላሉትም። መተኛት ብፈልግ እስከ ጀሞ መሄድ እችል ነበር። እሳቸው ያደረጉት ነገር ቢኖር፣ ጊዜው ሳያልፍ ራሴ እንድወስን ማንቃት ብቻ ነው።

እንግሊዝኛ ተናጋሪዎች ለዚህች ነገር «ነጅ» የሚል ቃል አላቸው። ዛሬ ስለዚህች ቃል ላወራችሁ ነው። «ዶክተር፣ እንግሊዝኛ ማስተማር ጀመርክ እንዴ?» እንዳትሉኝ። ቃሏን ቀደም ብዬ በደንብ ገብታኝ ቢሆን ኖሮ፣ አንድ የማከብራቸው ሰው ዛሬ ከዘራ ይዘው ላይሄዱ ይችሉ ነበር ብዬ ስለማስብ ነው።

ቃሏ ምን ትላለች?

የመጀመሪያ ትርጉሟ ያው የታክሲዋ እናት ያደረጉት ነው፤ የሰው ትኩረት ለማግኘት በክርን ቀስ ብሎ መንካት። ሁለተኛው፣ አንድን ነገር ጥቂት ፈቀቅ ማድረግ ነው፤ የረከቦት ጫፍ ላይ ያለች ሲኒ እንዳትወድቅ በጣታችን ወደ ውስጥ እንደምናስጠጋት ማለት ነው። ሦስተኛው፣ ሰውን ሳያስጨንቁ ወደ አንድ ነገር ማግባባት ነው። ስልካችን ላይ «ዛሬ ውሃ ጠጥተዋል?» እያለ ብቅ የሚለው መልእክትም በዚሁ ስም ይጠራል።

እ.ኤ.አ. በ2008 ሪቻርድ ቴለር የተባለ የኢኮኖሚክስ ባለሙያና ካስ ሰንስታይን የተባለ የሕግ ምሁር ቃሏን የመጽሐፋቸው ርዕስ አደረጓት። ሐሳባቸው ባጭሩ ይህ ነው፦ ሰው የሚበጀውን እያወቀም አያደርገውም፤ ይረሳል፣ ይሰንፋል፣ «ነገ» ይላል። ስለዚህ ምርጫውን ሳንከለክለው፣ ገንዘብም ሳንቀጣው፣ ጥሩውን ነገር ቀላልና ቅርብ ብናደርግለት ብዙ ጊዜ ራሱ ይመርጠዋል። ፍራፍሬን ዓይን በሚያርፍበት መደርደሪያ ላይ ማስቀመጥ ነጅ ነው፤ ኬክን መከልከል ግን ነጅ አይደለም። በ2010 የእንግሊዝ መንግሥት ይህንኑ ሥራ የሚሠራ ቡድን አቋቋመ፤ በ2017 ደግሞ ቴለር በኢኮኖሚክስ የኖቤል ሽልማት አገኘ።

ብዙ ጊዜ የሚጠቀሰው ምሳሌ የአምስተርዳሙ ስኪፖል አየር ማረፊያ ነው። የወንዶች መሽኛ ውስጥ ትንሽ የዝንብ ምስል ተቀረጸ። «ወለሉን አታርጥቡ» የሚል ማስታወቂያ አይደለም፣ ዝንብ ብቻ! ወንድ ልጅ ዝንብ ካየ ማነጣጠሩ አይቀርም ብለው ነው።

ወደኛ ቋንቋ ስንመጣ ደግሞ ለዚህ ነገር ድሆች አይደለንም፤ እንደውም ደረጃ በደረጃ አለን። «ጎሸም ማድረግ» አለ፤ ቀለል ያለ ነው፣ ያነቃል። «ማባበል» አለ፤ ለሕፃን ነው፣ ትልቅ ሰው ላይ ሲበዛ መናቅ ይመስላል። «ማግባባት» አለ፤ ምክንያት አቅርቦ ነው። «መወትወት» እና «መጎትጎት» አሉ፤ ከመደጋገም ብዛት ጆሮ ያደነቁራሉ። «መገፋፋት» አለ፤ እሱ መጨረሻው ብዙ ጊዜ ጥሩ አይደለም። ከሁሉም በላይ «ማስገደድ» አለ።

ነጅ ማለት እንግዲህ ጎሸም ላይ ያለችው ናት። ድምጿ የኛን «ነጂ» ይመስላል አይደል? ግን ተቃራኒ ናቸው። ነጂ ከኋላ ሆኖ ይነዳል፤ ጎሸም የሚያደርግ ግን አጠገባችሁ ነው የሚቀመጠው።

እኔ ሥራ ስጀምር ነጂ ነበርኩ።

ጋሼ ሹፌሩ

(ታሪኩን የምጽፈው በፈቃዳቸው ነው፤ ማንነታቸውን የሚያሳውቁ ነገሮችን ቀይሬያለሁ።)

ተመርቄ ብዙም ሳልቆይ፣ ተመላላሽ ክፍል ውስጥ አንድ ሰውዬ ገቡ። ዕድሜያቸው ሃምሳዎቹ ውስጥ ነው፤ በጅቡቲ መስመር ተሳቢ የሚነዱ ሹፌር ናቸው። የመጡት ለራስ ምታት ነው። ግፊታቸውን ስለካ 190/110። ደግሜ ብለካም ያው ነው። መድኃኒት ተሰጥቷቸው እንደነበርና ለሁለት ወር ያህል ወስደው እንዳቆሙት ነገሩኝ።

ውጪ ሠላሳ ምናምን ሰው ተሰልፏል። እኔ ደግሞ በትምህርት ቤት የተማርኩትን ሁሉ በአንድ ትንፋሽ ዘረገፍኩት። «ጋሼ፣ ይሄ ቀልድ አይደለም! ስትሮክ ይመታዎታል፣ ኩላሊትዎ ይሄዳል፣ ዓይንዎ ይጠፋል! መድኃኒቱን ዕድሜ ልክ ነው የሚወስዱት።» ያንኑ መድኃኒት ደግሜ ጻፍኩላቸው። «እሺ ዶክተር» ብለው ወጡ። በጣም ጥሩ ምክር የሰጠሁ መሰለኝ።

ለቀጠሯቸው አልመጡም። ከስምንት ወር በኋላ ያየኋቸው በድንገተኛ ክፍል ነው። ቀኝ እጃቸው አይታዘዝም፣ አፋቸው ተጣሟል፣ ንግግራቸው ይኮላተፋል። ሲቲ ስካን ሲነሱ የአንጎል ደም ሥር በረጋ ደም ተዘግቷል። ስትሮክ። እኔ ልክ ነበርኩ። ልክ መሆኔ ግን ማንን ጠቀመ?

ትንሽ ሲሻላቸው አንዲት አንጋፋ ሲስተር አልጋቸው አጠገብ ቁጭ ብላ አንድ ጥያቄ ጠየቀቻቸው። እኔ ያልጠየቅኩትን ጥያቄ።

«ጋሼ፣ መድኃኒቱ ምን አስቸገረዎት?»

በተጎተተ ድምፅ መለሱላት፦ «ሽንት ነዋ! ተሳቢ ይዤ በዚያ በረሃ በየሠላሳ ደቂቃው የት ልቁም? የመንገድ ቀን ስል፣ የመንገድ ቀን ስል ... ቀረ።»

የተሰጣቸው መድኃኒት ሽንት የሚያሸና ዓይነት ነበር። ለብዙ ሰው ጥሩ መድኃኒት ነው። ለእሳቸው ሥራ ግን አልሆነም። አንድ ጥያቄ ብጠይቅ ኖሮ በሌላ እቀይርላቸው ነበር፤ ለግፊት የሚሆን፣ ሽንት የማያበዛ መድኃኒት በቀላሉ ይገኛል።

ሲስተር ኮሪደር ላይ ምን አለችኝ መሰላችሁ? «ዶክተር፣ አስፈራራሃቸው እንጂ አልጠየቅካቸውም።»

ማወቅ ብቻውን አይበቃም

ጋሼ ብቻቸውን አይደሉም። የዓለም ጤና ድርጅት በ2003 ባወጣው ሪፖርት፣ በበለጸጉት አገሮች እንኳን የረጅም ጊዜ ሕመም ካለባቸው ሰዎች መድኃኒታቸውን እንደታዘዘው የሚወስዱት በአማካይ 50 በመቶ ገደማ ናቸው። ግማሹ ማለት ነው! ይሄ ሁሉ ሰው «ስትሮክ» የሚባል ነገር አልሰማም? ሰምቷል። ችግሩ ከጆሮ እስከ እጅ ያለው መንገድ ነው።

ታዲያ ጎሸም ማድረግ እዚህ ላይ ይሠራል ወይ? ጎረቤታችን ኬንያ ጥሩ ምሳሌ አላት። በ2010 ላንሴት በተባለው የሕክምና መጽሔት በወጣ ጥናት፣ የኤችአይቪ መድኃኒት ለጀመሩ ታካሚዎች በየሳምንቱ በስልክ አጭር መልእክት ይላክላቸው ነበር። መልእክቱ «መድኃኒትህን ዋጥ» አይልም። በስዋሂሊ «ማምቦ?» ነው የሚለው፤ «እንዴት ነህ?» እንደማለት። ታካሚው በ48 ሰዓት ውስጥ «ሳዋ» (ደህና ነኝ) ወይም «ሺዳ» (ችግር አለ) ብሎ ይመልሳል። ችግር አለ ያለው ወይም ዝም ያለው ይደወልለታል። መድኃኒታቸውን በአግባቡ የወሰዱት፣ መልእክት ካልተላከላቸው መካከል 50 በመቶ፣ ከተላከላቸው መካከል ደግሞ 62 በመቶ ሆኑ። አያችሁት? ጎሸምታው ራሱ ጥያቄ ነበር። ሲስተር ያደረገችውም ይህንኑ ነው።

እኛም አገር አለ። ነፍሰ ጡር እናት ለክትትል ስትመጣ የኤችአይቪ ምርመራ ከሌሎቹ ምርመራዎች ጋር አብሮ ይሠራላታል፤ ይነገራታል፣ አልፈልግም ካለች መብቷ ነው። ድሮ ግን ፈላጊው ራሱ ሄዶ «መርምሩኝ» ማለት ነበረበት። እሷን ቃል ከአፍ ማውጣት ስንቱን ሰው ከበር መልሷል! በ2007 የዓለም ጤና ድርጅትና ዩኤንኤድስ ጥያቄው ከታካሚው ሳይሆን ከባለሙያው ይምጣ ብለው መመሪያ አወጡ። ምርጫው አልተነካም፤ የተቀየረው መጀመሪያ የሚናገረው ሰው ነው።

ሌላው መንገድ ደግሞ እንቅፋቱን ማንሳት ነው። ከ2017 ጀምሮ በአገራችን ሁኔታቸው የተረጋጋ የኤችአይቪ ታካሚዎች መድኃኒታቸውን በየ6 ወሩ እንዲወስዱ የሚያስችል አሠራር ተጀምሯል። በየወሩ ከሥራ ማስፈቀድ፣ ካርድ ክፍል መሰለፍ፣ ፋርማሲ መሰለፍ ... ሰው መድኃኒት የሚያቋርጠው ሁልጊዜ ሰነፍ ስለሆነ እንዳይመስላችሁ።

ግን ላጋንንላችሁ አልፈልግም። ጎሸም ማድረግ ተአምር አይደለም። በ2022 የታተመ አንድ ትልቅ ጥናት፣ በአሜሪካ የመንግሥት ሥራ ውስጥ የተሞከሩ ነጆችን ሰብስቦ ሲያይ ለውጡ በአማካይ 1.4 የመቶኛ ነጥብ ብቻ ሆኖ አገኘው፤ በምሁራን መጽሔቶች ላይ የሚወጡት ግን 8.7 ያህል ይላሉ። ስለዚህ «ይህን ዘዴ ብቻ ተጠቀሙና ተፈወሱ» የሚላችሁ ካለ ዝለሉት። ጎሸምታ ርካሽ ነች፣ ትንሽ ትረዳለች። ሕክምናን አትተካም።

ወደ ገደልም ጎሸም ይደረጋል

አሁን ቤታችን እንግባ። የዓለም ምሁራን ነጅን ከማጥናታቸው በፊት እኛ «በሞቴ»ን እናውቅ ነበር!

የስኳር ታማሚ የሆነ ሰው በዓል ላይ ተጋብዞ ይቀመጣል። «በቃኝ» ይላል። «በሞቴ ይቺን ብቻ!» «አፈር ስሆን!» «እናትህ አልነበረችም እንዴ የምትወደኝ?» ጉርሻው አፉ ጋ ደርሷል። አንድ ሲጎርስ «አንድ ያጣላል» ይባላል። ከዚያ ለስላሳ ይከፈትለታል፣ ሳይጠየቅ። ማንም አላስገደደውም፤ ግን እምቢ ማለት ከባድ እንዲሆን ተደርጓል። ከበዓል ማግሥት ስኳራቸው 400 እና 500 ገብቶ የሚመጡ ታካሚዎችን ስንቀበል ብዙዎቹ «ዶክተር፣ እምቢ ብል ይቀየሙኛል» ነው የሚሉን።

ጉርሻ ይቅር አላልኩም፣ ጉርሻ ፍቅር ነው። ግን ፍቅር አቅጣጫውን ቢያስተካክልስ? «በሞቴ መድኃኒትህን ውሰድ»፣ «በሞቴ እራት በልተናል፣ ተነስ ትንሽ እንራመድ» ብንልስ? ጉልበቱ ያው ነው።

ይህን የምታነቡበት ስልክም እንዲሁ ነው። አንዱ ቪዲዮ ሳያልቅ ሌላው ይጀምራል። «ልተኛ» ብላችሁ አምስት ሰዓት ላይ ስልኩን ያነሳችሁ ሰዎች ሰባት ሰዓት ላይ ዓይናችሁ ቀልቶ ትገኛላችሁ። ያም ነጅ ነው፤ የሚገፋችሁ ግን ለእናንተ ጥቅም አይደለም።

እቤት ምን እናድርግ?

1. መጀመሪያ ጠይቁ። አባታችሁ መድኃኒት ካቆሙ «ለምን አትወስድም!» ሳይሆን «ምን አስቸገረህ?» በሏቸው። ዋጋው ይሆናል፣ ሳሉ ይሆናል፣ የእግር እብጠቱ ይሆናል፣ ወይም «ካልተሻለኝ ምን ያደርግልኛል» የሚል ተስፋ መቁረጥ ይሆናል። መልሱን ይዛችሁ ወደ ሐኪም ሂዱ። ብዙ ጊዜ መፍትሔ አለው።

2. መድኃኒቱን ከማይረሳ ነገር ጋር አጎራብቱት። ቁምሳጥን ውስጥ ያለ መድኃኒት ይረሳል። ጥርስ ብሩሽ አጠገብ፣ የጸሎት ቦታ አጠገብ፣ የቤት ቁልፍ የሚቀመጥበት ቦታ ጥሩ ነው። ሕፃን ያለበት ቤት ከሆነ ግን ከፍ ያለ ቦታ ይሁን! ከምግብ በፊት ነው ወይስ በኋላ የሚለውን ፋርማሲስቱን ጠይቁ፤ ለምሳሌ የደም ማነስ አይረን ከቡናና ከሻይ ጋር አይወሰድም።

3. ቀጠሮን «በሚቀጥለው ሳምንት እሄዳለሁ» አትበሉ። ቀኑን፣ ሰዓቱን፣ ማን አብሯችሁ እንደሚሄድ ጻፉት። በአሜሪካ አንድ ድርጅት ውስጥ ሠራተኞች የጉንፋን ክትባት የሚወስዱበትን ቀንና ሰዓት በወረቀት እንዲጽፉ ብቻ ሲደረግ፣ የተከተቡት ከ33 በመቶ ወደ 37 በመቶ ገደማ ከፍ ብለዋል። ወረቀትና እስክሪብቶ ነው የፈጀው።

4. የጨው ዕቃ ውስጥ ያለውን ማንኪያ በትንሽ ቀይሩት። የዓለም ጤና ድርጅት የሚመክረው ለአንድ አዋቂ በቀን ከ5 ግራም በታች ነው፤ አንድ የሻይ ማንኪያ ገደማ። ውጭ አገር የጨው ዕቃውን ከጠረጴዛ ላይ ያነሱታል። የኛ ጨው ግን ያለው ወጡ ውስጥ ነው፣ ስለዚህ ለውጡ ከምድጃው ይጀምር።

5. ገበታ ላይ ውሃ ቀድሞ ይቅረብ። ለስላሳው ፍሪጅ ውስጥ ይቆይ፤ የፈለገ ተነስቶ ያምጣ። አልከለከልንም፣ ሩቅ አደረግነው እንጂ።

6. የግፊት መለኪያ ቤት ካለ ሳጥን ውስጥ አትቅበሩት። ሳሎን ጠረጴዛ ላይ ይቀመጥ፤ እንግዳም ይለካ። በዓለም ላይ ግፊት ካለባቸው አዋቂዎች ወደ ግማሽ የሚጠጉት እንዳለባቸው እንኳ አያውቁም ይላል የዓለም ጤና ድርጅት።

7. ስልካችሁን ማታ ከአልጋ ራቅ አድርጋችሁ ቻርጅ አድርጉት።

ድንበሩ የት ነው?

ብዙ ቤተሰብ ከፍቅር የተነሳ ድንበሩን ያልፋል። ለእናት ሳይነገራቸው መድኃኒት ፈጭቶ ወጥ ውስጥ መጨመር ጎሸም ማድረግ አይደለም፣ ማታለል ነው። አንዳንድ መድኃኒት ሲፈጭ አሠራሩ ይበላሻል፣ አደገኛም ሊሆን ይችላል። እናት ያወቁ ቀን ደግሞ ከእጃችሁ ምግብ መብላት ይፈራሉ። «ካልወሰድክ አላናግርህም» ማለትም ጎሸም አይደለም። ፈተናው ቀላል ነው፦ ያደረግኩትን በግልጽ ልነግረው እችላለሁ? እምቢ ቢለኝስ ክብሩ ሳይነካ እምቢ ማለት ይችላል? ሁለቱም «አዎ» ከሆኑ ቀጥሉ።

በተቃራኒው ጎሸም ማድረግ የማይበቃበት ሰዓትም አለ። ፊት በአንድ በኩል ከተጣመመ፣ አንድ እጅ ወይም እግር በድንገት ከዛለ፣ ንግግር ከተኮላተፈ፣ «ትንሽ ይረፍ» የለም፣ «ጠዋት እናያለን» የለም። ያኔ ምልክቱ የጀመረበትን ሰዓት ይዛችሁ ወዲያው ወደ ሆስፒታል ሩጡ። ምንም ነገር በአፍ አትስጡ። በስትሮክ እያንዳንዷ ደቂቃ የአንጎል ሕዋስ ነው።

ምስማሩ

ጋሼ ሹፌሩ አሁን በየሦስት ወሩ ይመጣሉ። ተሳቢ መንዳት ቀርቷል፤ ቀኝ እጃቸው ሙሉ በሙሉ አልተመለሰም። ይህን ስጽፍ አሁንም ይከብደኛል። ግፊታቸው ግን ባለፈው ስለካ 128/80 ነበር።

ከሆስፒታል ሲወጡ ሲስተር ሌላ ጥያቄም ጠይቃቸው ነበር፦ «ጋሼ፣ ጠዋት ተነስተው መጀመሪያ የሚነኩት ነገር ምንድን ነው?» ትንሽ አሰቡና «የመኪና ቁልፍ» አሉ። «ሃያ ስምንት ዓመት በሩ አጠገብ ምስማር ላይ እሰቅላለሁ። አሁን ቁልፍ የለም፣ እጄ ግን እዚያው ይሄዳል።»

ባለቤታቸው እዚያው ምስማር ላይ መድኃኒቱን በትንሽ ቦርሳ ሰቀሉት። እስካሁን አንድም ቀን አልረሱም።

እኔም አሁን ከማዘዜ በፊት አንድ ጥያቄ እጠይቃለሁ፦ «ሥራዎ ምንድን ነው፣ ቀንዎ እንዴት ነው የሚውለው?» ግማሽ ደቂቃ ነው የሚፈጀው። ሰልፉ አሁንም ሠላሳ ምናምን ነው።

እስቲ ዛሬ እቤታችሁ አንድ ነገር ብቻ ቦታውን ቀይሩ። እናታችሁ ጋ ደውላችሁ «መድኃኒትሽን ወሰድሽ?» ከማለታችሁ በፊት «እንዴት ነሽ?» በሏት፤ መልሷንም እስከ መጨረሻው ስሟት። ምን እንደቀየራችሁ ከታች ጻፉልኝ፣ አነባለሁ። ለሚጠቅመው ሰው ደግሞ ሼር አድርጉለት፤ እሱም አንዲት ጎሸምታ ናት።

(መድኃኒት መጀመር፣ መቀየርም ሆነ ማቆም ከሐኪማችሁ ጋር ተመካክራችሁ ብቻ ይሁን።)

ጤና ይብዛላችሁ!